የስልክ ቤቷ ሠርከአዲስ ተራራ የወጣች ጊዜ

በጎባ ሠርከአዲስን በመልኳ ከሚያውቃት ሰው በድምፅዋ የሚያውቃት ይበዛ ነበር። ከሮቤም ተደወለ ከጊኒር፣ ከሻሸመኔም ተደወለ ከአዲስ አበባ፣ ወደ ጎባ የሚመጣ ስልክ ሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እሷን ነው። «ሃሎ፣ ጎባ» ትላለች፤ ሳትቸኩል፣ የመጨረሻዋን ፊደል ትንሽ ሳብ አድርጋ። ሰዎች መንገድ ላይ ሳያውቋት አልፈዋት ይሄዱና ሱቅ ገብታ «ሳሙና አለ?» ስትል ሲሰሙ ዞር ብለው «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ!» ይሏታል። ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ረጅም ትመስለው ነበር። እሷ ግን አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ጸጉሯን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ የምታስር ሴት ናት።

እናቴ እታለማሁ ጎረቤቷም ጓደኛዋም ስለነበረች እኔ ያን ድምፅ ያወቅሁት በአጥር በኩል ነው። «እታለማሁ፣ ጨው አለሽ?» ስትል ከእኛ አልፎ ሌላው ግቢ ድረስ ይሰማል፤ ሆኖም ጮኸች የሚላት አልነበረም። የምነግራችሁንም ታሪክ እኔ አላየሁትም። እናቴና የሁለቱ ጓደኛ ዙቤዳ፣ አንዷ ስትረሳ አንዷ እያስታወሰች፣ ከመስቀል በኋላ አየሩ ጥርት ባለ ቁጥር ሲያወሩት ሰምቼ ነው።

ሠርከአዲስ ጎባ ተወልዳ ጎባ ያደገች ናት። አባቷ ከመንዝ የመጡ ወታደር ነበሩ። በልጅነቷ ለአንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ተዳረች፤ ባሏ ጥሩ ሰው ነበር ይላሉ፤ ሳል ይዞት ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ በኋላ ነው የስልክ ሥራ ተምራ የተቀጠረችው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ማዞሪያ በሚባለው ሰሌዳ ላይ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች፣ ሰውን ከሰው ታገናኛለች።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ባሌ የታመሰችባቸው እነዚያ ዓመታት ግን በእሷ ጆሮ ነው ያለፉት። ሰው በስልክ መርዶ አይነግርም። «እናትህ ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ና» ነው የሚባለው። ሠርከአዲስ ግን ከሁለቱ መሃል ተቀምጣ እውነቱን ታውቃለች፤ ከዚያኛው ጫፍ ሰውዬው ገና ሳታገናኘው ሲያለቅስ ሰምታዋለች። ከዚህኛው ጫፍ ያለው «ይሻላታል እንዴ?» እያለ ሲጠይቅ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ዝም ማለት አለባት። ማታ ለእናቴ እንኳ አትነግራትም። ቡና ቀምሳ ተነሥታ ትሄዳለች።

በስድሳ ሁለት ውጊያው በረደ፣ መንገዱም ተከፈተ። ሰው ሁሉ ተንፈስ ሲል እሷ ግን ባሰባት። አብራት የምትሠራው ልጅ አግብታ ወደ ጊኒር ሄደች፤ ምትክ ይመጣል እየተባለ ክረምቱ አለፈ። ቀን ብቻዋን ትሠራለች። ሌሊትም በስልክ ቤቱ ጓዳ በተዘረጋ አልጋ ላይ ጋደም ትልና ደወል ባቃጨለ ቁጥር ትነሣለች። ደወሉ ሳያቃጭልም መነሣት ጀመረች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አንዲት ባልቴት «እንደምን አደርሽ ልጄ?» ቢሏት «ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል» አለቻቸው። እናቴ አጠገቧ ነበረች። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሣቁ። እናቴ ግን ቤት ገብታ ነገሩን ስታስበው ሣቁ እንደጠፋባት ትናገር ነበር።

ዙቤዳ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት የማርና የቅቤ ሱቅ ነበራት። ማሩ ከሃረና ጫካ፣ ቅቤው ከደጋው ነው የሚመጣላት። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቂታ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅላ የምትናገር ሴት ናት። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ዶዶላ ላለ ወንድሟ ለመደወል ገብታ አግዳሚው ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። ደወል አቃጨለ። ሠርከአዲስ አነሣች። ሰውዬው ማንንም አልፈለገም፤ ሰዓቱ ቆሞበት ኖሮ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው የደወለው። ሠርከአዲስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ከዚያ ድንገት ማልቀስ ጀመረች። ሰውዬው በዚያ በኩል «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

ዙቤዳ ተነሥታ ገመዱን እራሷ ነቀለችው።

«ሠርኬ፣ ታመሻል» አለቻት።

«አልታመምኩም። እንቅልፌ ነው።»

«እሱንስ አይደል የምልሽ!»

ዙቤዳ ያን ቀን ዶዶላ ሳትደውል ወጣች። ቀጥታ እናቴ ወደምትሠራበት፣ ወደ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሄደች። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ተማከሩና በማግስቱ የስልክ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ገቡ። አቶ ተክለማርያም ወፍራም መነጽር ያላቸው፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሽማግሌ ነበሩ።

«ለሁለት ቀን ይልቀቋት» አለች እናቴ። «ቅዳሜን ከቀትር በኋላና እሁድን። የዙቤዳ አጎት ዘንድ ተራራ ወስደን እናሳርፋታለን።»

«እኔስ ደስ ባለኝ» አሉ አቶ ተክለማርያም። «ማዞሪያው ላይ ማን ይቀመጣል?»

ዙቤዳ በመስኮቱ ጣቷን ቀሰረች። ውጭ ምሰሶ ላይ ኃይለመስቀል ተሰቅሎ ገመድ ያጠብቃል። የመስመር ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ከሰው ጋር ከማውራት ምሰሶ መውጣት የሚመርጥ።

«እሱ?» አሉ አቶ ተክለማርያም። «እሱማ ዓይነ አፋር ነው። ሰው ሲያናግረው ላብ ያጠምቀዋል።»

«ታዲያ ስልክ ላይ ሰው የለ!» አለች ዙቤዳ። «ድምፅ ብቻ ነው።»

አቶ ተክለማርያም ሣቁና ፈቀዱ። ከሁሉ የከበደው ሠርከአዲስን ማሳመን ነበር። የጊኒር መስመር በዝናብ ማግስት እንደሚያለቅስ፣ የሮቤው እህል ነጋዴ ስሙን እንደማይናገርና በሳሉ ብቻ እንደሚታወቅ፣ ይህን ሁሉ ኃይለመስቀል ከየት እንደሚያመጣው ጠየቀች። ዙቤዳ መለሰችላት፤ እንደገና ጠየቀች። በመጨረሻ እናቴ ተቆጣች።

«ስሚ! አንቺ አልደከመሽም፤ እሺ። እኛ ግን አንቺን ስናይ ደክሞናል። ለእኛ ስትዪ ነይ።»

«ለእናንተ ከሆነ እሺ» አለች ሠርከአዲስ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ተነሡ። ዙቤዳ በራሷ ፈረስ፣ ሁለቱ ከጎረቤት በተዋሷቸው በቅሎዎች። እናቴ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ ቆልታ፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ቋጥራለች። ዙቤዳ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በቀንድ ሞልታ ይዛለች። ሥጋ አልያዙም። ክርስቲያኗና እስላሟ አንድ ላይ ጉዞ ሲወጡ ነገሩ እንደዚያ ነው፤ በሥጋ ይለያያሉ፣ በገብስና በወተት ግን አንድ ገበታ ናቸው።

ሠርከአዲስ በቅሎ ላይ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የወታደር ልጅ ሆና! ኮርቻውን በሁለት እጅ ጨብጣ፣ ዓይኗን ከበቅሎዋ ጆሮ ሳትነቅል ከከተማው ወጣች። ተራራውን ዕድሜዋን ሙሉ በስልክ ቤቱ መስኮት አይታዋለች። መጀመሪያ ባሏ ታመመባት፣ ቀጥሎ ሥራው ያዛት፣ ከዚያ መንገዱ አስፈሪ ሆነ። እንዲሁ ሳትወጣው ቀረች።

ገብሱ ሊደርስ ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል። አደይ አበባው ጊዜው ቢያልፍም በየአጥሩ ጥግ ገና ቢጫ ቢጫ ይላል። ጥዱን አልፈው፣ ኮሶውን አልፈው ሽቅብ ሲሉ አየሩ እየቀጠነና እየቀዘቀዘ መጣ። አንድ ጉብታ ላይ በቅሎዎቹን ሊያሳርፉ ቆሙ። ሠርከአዲስ ዞር ብላ ጎባን አየች። ቆርቆሮዎቹ ፀሐይ ይዘው ያብለጨልጫሉ። ወደ ሮቤ የሚወርዱት የስልክ ምሰሶዎች እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥነዋል። ከቆርቆሮዎቹ መሃል የስልክ ቤቱን ትፈልግ ጀመር።

«ወደ ፊት እይ!» አለቻት ዙቤዳ። «ኋላሽን ካየሽ በቅሎዋም አብራሽ ትዞራለች።»

የዙቤዳ አጎት ኦቦ ጉርሜሳ የሚኖሩት አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በሚጀምርበት፣ ከሳነቴ ሜዳ በታች ነው። ክብ ቤት፣ የከብት በረት፣ ከድንጋይ የተካበ አጥር፣ ሌላ ምንም የለም። ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን!» አሉ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ቀጥለውም ለእንግዶቹ ሲሉ በአማርኛ፣ «ኑ፣ ግቡ። ብርዱ ሰው አይመርጥም» አሉ።

ባለቤታቸው አዴ መሪየም አማርኛ እምብዛም አይችሉም። ግን የሠርከአዲስን እጅ ሲጨብጡ ብርዱን አዩና መዳፏን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ እየጎተቱ እሳቱ አጠገብ አስቀመጧት። ትኩስ ወተት በቅል ሰጧት።

ኦቦ ጉርሜሳ ስለ አንዲት ላማቸው ማውራት ጀመሩ። ላሟ በክረምቱ ጠፍታ፣ ሞታለች ብለው ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ጥጃ አስከትላ ተመልሳለች። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ወንዝ አለበት፣ ጅብ አለበት፣ የጎረቤት ጠብም አለበት። ገና ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ሠርከአዲስ ቅሉን እንደያዘች አንቀላፋች። እናቴ ከእጇ ልትወስድ ብትሞክር አልለቅ አለች። ሽማግሌው አዩዋት። እናቴ ተቀየሙ ብላ ፈራች። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ጅምር መተው ደግ አይደለም ብለው፣ ታሪኩን በሹክሹክታ እስከ መጨረሻው ለተኛችው ሴት ነገሯት። ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ አንስተው ቁርበት ላይ ያስተኟት፤ የያዙትን ጋቢ ሁሉ ደራረቡላት።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፣ ከብቶቹ እያገሱ ወጡ፣ ውሾቹ ተጣሉ። እናቴ የብረት ድስት ክዳን ጣለችና ቤቱ አስተጋባ። ሠርከአዲስ አልሰማችም። እናቴ ሦስቴ ይሁን አራቴ ሄዳ እጇን ከአፍንጫዋ ሥር አድርጋ ትተነፍስ እንደሆነ አየች። ፀሐይዋ ከፍ ብላ በሩን ስታልፍ ሠርከአዲስ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ጸጉሯ ከሻሹ አምልጧል፣ ጉንጯ ላይ የቁርበቱ ጠጉር ታትሟል።

«ስንት ጥሪ አለፈኝ?» አለች።

አዴ መሪየም ወደ ዙቤዳ ዞሩ። «ማል ጄቴ?» ምን አለች ማለታቸው ነው።

«ራበኝ ነው የምትለው» አለች ዙቤዳ።

አዴ መሪየም ደስ ብሏቸው ሮጡ። በትልቅ ገበቴ የገብስ ገንፎ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ የተኛበት፣ ይዘው መጡና ፊቷ አስቀመጡ። ሠርከአዲስ ያን ሁሉ በላች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንደ ተአምር አድርጋ ነው፤ «ክረምቱን ሙሉ አንድ እንጀራ ሳትጨርስ የከረመች ሰው!» ትላለች።

ከቁርስ በኋላ ኦቦ ጉርሜሳ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ድንጋይ ወሰዷቸው። ከሥራቸው ባለው መስክ ቀይ ቀበሮ ቆማለች። የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ፣ አንገቷን ዝቅ፣ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ሳትንቀሳቀስ። ፈረስና ከብት በሚውልበት ስለማትጠፋ አገሬው «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይላታል። እናቴ ቶሎ ሰለቻት፤ ትንሽ አይታ ዳቦ ልትቆርስ ሄደች። ዙቤዳ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ጋደም አለች። ሠርከአዲስ ግን ተቀምጣ ቀረች። ቀበሮዋ ሳተች፣ ሌላ ጉድጓድ ሄዳ ቆመች፣ እንደገና ሳተች። ማንም ሠርከአዲስን ምንም አልጠየቃትም። ነፋስ አለ፣ የከብት ቃጭል አለ። ቆይታ «ዙቤዳ» አለች፣ «ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ደወል የለም እኮ።»

ዙቤዳ ዓይኗን ሳትገልጥ «አልሐምዱ ሊላህ» አለች።

ከቀትር በፊት ሜዳውን ሳያዩ እንዳይመለሱ ብለው ወደ ሳነቴ ወጡ። ኦቦ ጉርሜሳ አፋፉ ድረስ አደረሷቸውና የምትወልድ ላም ስላለቻቸው ተመለሱ። «ጉም ከመጣ ከፈረሱ አትራቁ» አሏቸው። «እዚህ ጉም ሲመጣ ደህና ዋላችሁ አይልም።»

ላይ ሜዳው ዓይን እስኪያቅተው ተዘርግቷል። ውሃው እዚህም እዚያም ኩሬ ሠርቷል። ጅብራው አንድ ባንድ ተራርቆ ቆሟል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ራሱ ላይ ቅጠል የጠመጠመ ተክል ነው። ከሥሩ ጦስኝ ምንጣፍ ሆኖ ይሸታል። እናቴ ጦስኝ ስታይ አላስችላት አለ። ጎባ ለሻይ የምትፈልገው ይሄው፣ በነጻ! ነጠላዋን ዘርግታ እየለቀመች፣ የተሻለው ከፊት ያለው እየመሰላት ሄደች። ዙቤዳና ሠርከአዲስ እንስሶቹን ይዘው ያወራሉ።

ጉሙ መጣ። ዙቤዳ እንደምትለው፣ ነጠላ በላይዋ የጣሉባት ነው የመሰላት። የፈረሷ ጆሮ ጠፋ። ሠርከአዲስ አጠገቧ ሆና ጥላ መሰለች። እናቴ ደግሞ በዚያ በኩል ቀና ስትል ምንም የለም። ትንሽ እንደቆየች ከፊቷ ጋቢ የለበሰ ሰው የቆመ መሰላትና «ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ፣ መንገዱን ያሳዩኝ» እያለች ቀረበች። ጅብራ ነው። ወዲያ ሌላ ሰው አየች፤ እሱም ጅብራ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ እያለች የመጣችበትን ፈጽማ አጣችው።

ዙቤዳ «እታለማሁ! እታለማሁ!» እያለች መጮኽ ጀመረች። ስትደነግጥ ሳታቋርጥ ነው የምትጮኸው። እናቴም ከዚያ ትጮኻለች። ሁለቱ ድምፅ እየተደራረበ ማን የት እንዳለ አይለይም። እናቴ ሩጫ ጀምራ ነበር፤ አንድ እግሯ ውሃ ውስጥ ገባ።

«ዝም በይ፣ ዙቤዳ» አለች ሠርከአዲስ።

«እንዴት ዝም እላለሁ!»

«አንድ መስመር ላይ ሁለት ሰው ካወራ አይሰማም። ዝም በይ።»

ከዚያ ጠራች። አልጮኸችም፤ እናቴ ይህን አጥብቃ ነው የምትናገረው፣ አልጮኸችም። ያንኑ የለመደችውን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ ባንድ እየለየች፣ «እታለማሁ። ቁሚ። አትሂጂ። ሰምተሽ ከሆነ አንድ ጊዜ መልሺ» አለች። ዝም ብላ ሰማች። «እ!» የሚል ነገር በግራ በኩል ከሩቅ መጣ። ሠርከአዲስ ፊቷን ወደዚያ አዞረች። «አሁን ወደ ድምፄ ነይ። ቀስ በይ። ስጠራሽ ሂጂ፣ ዝም ስል ቁሚ።»

እንዲህ እየጠራች፣ እየሰማች፣ ድምፁ ወዲህ ሲያዘነብል «ወደ ቀኝሽ»፣ ወዲያ ሲል «በዛ፣ ተመለሽ» እያለች አመጣቻት። በመሃል ድምፁ ጠፋ። ዙቤዳ አጠገቧ ሆና ቁርአን ትቀራለች። ሠርከአዲስ ዓይኗን ጨፍና እጇን አየር ላይ ዘርግታ፣ ገመድ እንደምትሰካ ሁሉ፣ «ሃሎ» አለች።

«አቤት!» አለች እናቴ፣ ቅርብ ሆና።

«ይነጋገሩ!» አለች ሠርከአዲስ።

ሁለት ሰው ባገናኘች ቁጥር የምትለው ነው፤ ከልማድ የተነሣ ከአፏ አመለጣት። ዙቤዳ በድንጋጤዋ መሃል ሣቅ አፈነዳች፤ እናቴ የወጣችው ያን ሣቅ ተከትላ ነው። አንድ እግሯ ጭቃ፣ ነጠላዋ ሙሉ ጦስኝ። አንዲት ቅጠል አልጣለችም። ሦስቱ ተቃቅፈው ጉሙ ውስጥ ቆሙ። መጀመሪያ ሣቁ፣ ከዚያ እናቴ አለቀሰች፣ ከዚያ ዙቤዳ አለቀሰች። ሠርከአዲስ የሁለቱን ፊት በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ የራሷ ዓይን ግን ደረቅ ነበር።

ጉሙ ገለጥ ሲል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ቆረሱ። ሠርከአዲስ ዳቦውን እንደያዘች የእናቴን ፊት ታያለች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት እናቴ።

«ምንም። ስንት ዓመት ሙሉ ድምፅ ስቀበል ስሰጥ ኖርኩ» አለች። «ተገናኝተው ሲተቃቀፉ ግን አይቼ አላውቅም። አገናኝና እወጣለሁ። የደረሰውም ይድረስ፣ የቀረውም ይቅር፣ እኔ አላይም። ዛሬ ከድምፁ ጋር ሰው መጣልኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እንደዚያ ጠዋት በስልክ ቤቱ ዓይነት ልቅሶ አልነበረም ይላሉ። ስለ እነዚያ ክፉ ዓመታት፣ ስለሰማችውና ስለተሸከመችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራች። ስም አልጠራችም። እናቴና ዙቤዳም አልጠየቋት። በቅሎዎቹ ጦስኙን ሊግጡ ሲመጡ ብቻ እናቴ ከነጠላዋ ላይ ታባርራቸዋለች።

ወደ ቤት ሲወርዱ ላሟ ወልዳለች። ኦቦ ጉርሜሳ የጉሙን ነገር ሰምተው በጣም ተናደዱ፤ በእናቴ ሳይሆን በራሳቸው፣ ጥያችሁ ሄድኩ ብለው። አዴ መሪየም ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው፣ ለያንዳንዳቸው ሰጥተው፣ የሠርከአዲስን ግንባር ስመው ሸኟቸው።

ጎባ የገቡት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሠርከአዲስ ከበቅሎዋ እንደወረደች ቀጥታ ወደ ስልክ ቤት ሄደች፤ ሁለቱ ተከተሏት። የጠበቀችው ሕዝብ በር ላይ ተሰብስቦ ሲጮኽ ነበር። ማንም የለም። ኃይለመስቀል ማዞሪያው ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ድምፁ ዘግቷል።

«እንዴት ሆነ?» አለችው።

«ደህና ነው» አለ በሻከረ ድምፅ። «የሮቤውን ነጋዴ አላወቅኩትም፤ ሁለት ጊዜ ማነህ አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ግን ስሙን ነገረኝ።»

«ስሙን ነገረህ?»

«አዎ። ስሙ ማሜ ነው።»

ሠርከአዲስ ስንት ዓመት በሳል የምታውቀውን ሰው ስም ያን ጊዜ ሰማች። ጎባ እሷ ሳትኖር ሁለት ቀን ኖራለች፤ አንዳንዱ ሰው ተሳስቶ ተገናኝቷል፣ አንዳንዱ ጠብቆ ተናዷል፣ ሌላው ነገ እደውላለሁ ብሎ ሄዷል። እናቴ እንደምትለው ይህ ትንሽ ቅር ሳያሰኛት አልቀረም። ከዚያ «በል፣ ወደ ቤትህ ግባ» ስትለው ኃይለመስቀል ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ፣ ዛሬንም እኔ ልደር። አንቺ ቤትሽ ተኚ።»

«ድምፅህ ዘግቷል እኮ።»

«ሌሊት የሚደውል ሰው ጥቂት ነው።»

ሠርከአዲስ ሄደች። ቤቷ ገብታ፣ እግሯን ታጥባ፣ በራሷ አልጋ ላይ ተኛች።

ከገና በኋላ ሽቶ የምትባል ልጅ ምትክ ሆና መጣች። ሠርከአዲስ ራሷ አስተማረቻት። ከሁሉ አስቀድማ የነገረቻት፣ የሰማችው ከከበዳት ብቻዋን ይዛ እንዳትተኛ ነው። ኃይለመስቀልም ወደ ምሰሶው ተመለሰ፤ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው ቆም ብሎ ይመልስ ጀመር።

ሦስቱ ሴቶች በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ተራራ መውጣት ልማድ አደረጉ። በሦስተኛው ዓመት ኦቦ ጉርሜሳ ከቤታቸው ጎን አንዲት ትንሽ ክብ ቤት ሠርተው ጠበቋቸው፤ ክዳኗ የአስታ፣ በሯ ለፀሐይ መውጫ። የአካባቢው ሰው «መነ ዱበርቲ ጎባ»፣ የጎባ ሴቶች ቤት፣ ብሎ ጠራት። በዚያ ዓመት እኔንም ይዘውኝ ወጡ። ከፊት ለፊቴ ዙቤዳ ፈረሷን እያሰገረች፣ ከኋላዬ እናቴ ስለ ቆሎው እየተጨቃጨቀች ሄድን። ጠዋት ስነቃ እናቴና ዙቤዳ ውጭ ይሣቃሉ። እትዬ ሠርከአዲስ አጠገቤ ተኝታለች። አፏን ትንሽ ከፍታ፣ አንድ እጇን ከጋቢው አውጥታ፣ ታንኮራፋለች። ላም አገሳች፤ አልነቃችም። ወጥቼ ለእናቴ «ገና ተኝታለች» አልኳት።

«ተያት» አለች እናቴ፣ ዳቦ እየቆረሰችልኝ። «በሩን ቀስ አድርገሽ መልሺው።»